ነጭ ሽንኩርት በማር

ሰውየው የሚጥል በሽታውን ያሸነፈው በነጭ ሽንኩርትና በማር ነው። ሐኪሞች ስንት ዘመን ተምረው ያላወቁትን እሱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ደረሰበት። የመድኃኒቱን ብልቃጥ «ጣይልኝ» ብሎ ለሚስቱ ከሰጣት ወዲህ አንዴም አልወደቀም። መድኃኒት የሚባል ነገር ዳግመኛ ካየ ቤቱን ጥሎ እንደሚሄድም ምሏል። ዛሬ ሆስፒታል የመጣው ለመታከም ሳይሆን ለማስተማር ነው።

«ደሜን መርምሪው ልጄ» አለ ዶክተሯን። «ጠብታ መድኃኒት ካገኘሽበት ምን አለ በዪኝ።»

ውጤቱ ከላቦራቶሪ መጣ። ዶክተሯ ደጋግማ አነበበችው።

«መድኃኒቱ ደምዎ ውስጥ አለ። መጠኑም ልክ ነው።»

ሰውየው አዘነላት። «ማሽናችሁ ተበላሽቷል። እኔ ለበሽታዬ ከማሩ በቀር ሌላ አልቀምስም።»

«ማሩን ማን ነው የሚያዘጋጅልዎ?»

«እሷ ናታ» አለ፣ አጠገቡ ወደተቀመጠችው ሚስቱ በኩራት እየጠቆመ። «እጇ የተባረከ ነው። ራሷ አድቅቃ፣ ራሷ ለውሳ ታቀርብልኛለች። ጨርሼ ሳልውጥ ከፊቴ አትነሳም።»

ዶክተሯ ሚስትየዋን አየቻት። ሚስትየዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ መሬት መሬቱን አየች።

«እንግዲያውስ» አለች ዶክተሯ፣ «ማሩን እንዳያቋርጡ።»