ከጣሪያው ሥር

ለንሳ የሥነ ሕንፃ ሞዴሏን ለግምገማ ይዛ ከዶርም ልትወጣ ስትል እናቷ ከእንጭኒ ደወሉ።

«ለንሳኮ፣ እህትሽ ድምጿን አሰማችሽ?»

«አልደወለችም፣ እማዬ።»

ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራው እህቷ ድንቅቱ ስልኳ ከተዘጋ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር።

ሞዴሉ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ገጠር የተሠራን የባለጸጋ ቤት ያሳያል። ለንሳ ግድግዳውን ከካርቶን፣ መስኮቶቹን ከሃይላንድ ፕላስቲክ ቆርጣ ሠርታዋለች። የቤቱ ሠራተኞች ለእንግዳ እንዳይታዩ የሚመላለሱበትን ጠባብ ደረጃና ከጣሪያው ሥር የሚያድሩባቸውን ክፍሎች ሳይቀር አስገብታለች። ክፍሎቹን ባዶ ትታ ጣሪያውን በሙጫ የደፈነችው ትናንት ነው።

ግምገማው ላይ መምህር ሮባ ሞዴሉን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ይህን ሁሉ ክፍል ማን ያጸዳዋል ብለሽ ነው?» ብለው ቀለዱ። ከዚያ በላይኛው መስኮት አጮለቁ። «ጎበዝ! አልጋው ላይ ያስቀመጥሻት ልጅ እውነተኛ ሰው ነው የምትመስለው።»

«ቲቸር፣ እኔ እዚያ ሰው አላስገባሁም። አልጋም የለውም።»

«ታዲያ ይህቺ ማን ናት?» እየሳቁ ደግመው አጎነበሱ። ሳቃቸው ግን ቀስ እያለ ጠፋ። «ቅድም ተቀምጣ አልነበር?»

ለንሳ ገፋ አድርጋቸው ዓይኗን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። ፕላስቲኩ ከውስጥ በትንፋሽ ደብዝዟል።

«ድንቅቱ?» አለች።

ከወዲያ በኩል አንዲት ትንሽ መዳፍ መስኮቱን መጥረግ ጀመረች።