ፍየል የማያሰፋው በር

«ፍየሎችህን ከደጄ አንሳልኝ።»

«እትዬ የሺመቤት፣ ውለታ እኮ ነው የዋልኩልዎ።»

«ውለታህን ለእናትህ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ ዳር ያለችው ከተማችን መሃሏ የተሠራው እንደ ዛጎል በራሱ በሚያድግ ግንብ ነው። ግንቡ እግር ይቆጥራል። ሰው የሚበዛበትን መንገድ ያሰፋል፣ ሰው የማይረግጠውን ቀስ እያለ ይደፍናል። ገበያውን አሳምሮልናል፣ አልዋሽም።

እትዬ የሺመቤት ግን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጠያቂ የላቸውም። ቅያሳቸው በአንድ ሰው ትከሻ ልክ ሲቀር ጊዜ ዘዴ መጣልኝ። የአጎቴን ፍየሎች ጠዋት ማታ በዚያ መንዳት ጀመርኩ። ያ ሁሉ መሐንዲስ የደከመበት ግንብ በፍየል ተሸወደ። ቅያሱ አሁን ጋሪ ያሳልፋል።

«ይኸው ሰፋልዎ፤ ማንም አይዘጋብዎም» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«መንገዱንማ አየሁት። ና፣ በሩን እየው።»

ሄጄ አየሁት። በሩ ጠቦ ጠቦ እሳቸው ራሳቸው በጎን ነው የሚወጡት። ማታ ማታ ደጅ አውጥተው ነፋስ የሚቀበሉበት የባላቸው ወንበር ውስጥ ቀርቷል፤ ቢገፉት ቢጎትቱት አያልፍም። ግንቡ ለካ ደፉንም ይቆጥራል። ያንን ደፍ ደግሞ ከእሳቸው በቀር የረገጠው የለም።

«እኔ እኮ ፍየሎቹን እስከ በሩ ድረስ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰሞኑን ሁሉ እዚህ ቆመህ ስታፏጭ እሰማሃለሁ» አሉኝ። «ፍየል ከምትነዳልኝ፣ ራስህ ገብተህ እንዴት ነዎት ብትለኝ ምን ትሆን ነበር?»