ደጋፊ ያጣው ሐሳብ

«ሴኔቱ የኮሌጁን ቦርድ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ» አሉ ሚስተር ፕሩት ከወንበራቸው ተነሥተው። በመምህራን ሴኔት ተቀምጦ መናገር የተለመደ ነው፤ እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ቆመው ኬሚስትሪ ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ ተቀምጠው መናገር አይሆንላቸውም። «ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያስተማረ የትርፍ ሰዓት መምህር፣ ትምህርት ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ክፍሉ እንዳይነጠቅ። ይኸው ነው።»

ኮንሱኤሎ ባራጋን ቃል በቃል ጻፈችው። የሴኔቱ ጸሐፊ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራው የደረሳት ሌሎቹ አባላት ሁሉ ቀድመው እምቢ ስላሉ ነው።

ሰብሳቢዋ ቤቨርሊ ሱዛ መነጽሯን አወለቀች። «ሚስተር ፕሩት፣ ይኼ እኮ የውል ጉዳይ ነው። የመምህራን ማኅበሩን ቢያነጋግሩ አይሻልም?»

«ማኅበሩ ጋ ሄጄ ነበር። ‹ይኼ የሴኔቱ ጉዳይ ነው› ብለው ወደናንተ ላኩኝ። አንቺ ደግሞ ወደነሱ ልትመልሺኝ ነው። ግድ የለም፣ መኪና አለኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ሚስተር ፕሩት በሳምንት ሦስት ኮሌጆች እየዞሩ እንደሚያስተምሩ፣ ቢሯቸውም የመኪናቸው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ተማሪ ጥያቄ ሲኖረው መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትሏቸው ይሄዳል።

«እሺ» አለች ቤቨርሊ። «ደጋፊ አለ?»

በሴኔቱ ደንብ አንድ ሐሳብ ለውይይት የሚቀርበው ሌላ አባል ሲደግፈው ነው፤ የደጋፊውም ስም በቃለ ጉባኤው ይሰፍራል። የሚደግፈው ከጠፋ ሳይወያዩበት እዚያው ይቀራል። አስተዳደሩን የማያስደስት ሐሳብ በመጣ ቁጥር ይኼ ደንብ ለሁሉም ይመቻል፤ ማንም «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ሳይል፣ ሁሉም ዝም በማለት ብቻ ይገላገለዋል።

አሁንም ዝም አሉ። የሒሳብ መምህሩ ዲሎን ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሮዝ የዶናት ካርቶን ወደራሱ ስቦ ከዶናቶቹ አንዱን መምረጥ ጀመረ፤ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት። ከኋላ ረድፍ ዲኑ ዶክተር ሩስናክ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ዲን እዚህ ድምፅ አይሰጥም፤ መጥቶ ይሰማል፣ ሰምቶ ይሄዳል።

ኮንሱኤሎ አንገቷን ቀና ማድረግ አቃታት። የሚስተር ፕሩትን የማክሰኞና የሐሙስ ክፍል አሁን የምታስተምረው እሷ ናት። የራሷ የማታ ክፍል ዘጠኝ ተማሪ ብቻ ተመዝግቦበት ተዘጋ፤ እንደ እሷ ያለ የሙሉ ጊዜ መምህር ክፍሉ ሲጎድልበት ደግሞ ከትርፍ ሰዓት መምህር ተወስዶ ይሰጠዋል። ትምህርት ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ዲኑ ደውሎ «ክፍል ተገኝቶልሻል» አላት። አመሰገነችው። የማን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም፤ መጠየቅም አልፈለገችም።

ሰኞ ጠዋት ሚስተር ፕሩት የቤተ ሙከራውን ቁልፎች ይዘው መጡ። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት እሷኑ ያስተማሩበት ክፍል ነው። «ሦስተኛው መሳቢያ አልከፈት ይላል፤ ትንሽ ወደ ላይ አንሥተሽ ሳቢው» ብለዋት ሄዱ። ያ ክፍል ሲወሰድባቸው የሥራ ሰዓታቸው ስላነሰ የሕክምና መድናቸውም እንደተቋረጠ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

ይህ የሙከራ ጊዜዋ አራተኛና የመጨረሻ ዓመት ነው። በሚቀጥለው ወር ቦርዱ ቋሚ ያደርጋታል ወይም ያሰናብታታል፤ ቦርዱ የሚያነበውን ደብዳቤ የሚጽፈው ደግሞ ከኋላ እግሩን አጣምሮ የተቀመጠው ሰው ነው።

«ለሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ» አለች ቤቨርሊ። «ደጋፊ አለ?»

ኮንሱኤሎ ኮምፒውተሯን ተመለከተች። ከሐሳቡ ሥር፦ «ደጋፊ ስላልተገኘ ወደቀ» የሚል ተጽፏል። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ስለጻፈችው እጇ ለምዶታል። ግን እስካሁን ማንም ወደቀ አላለም። ሰብሳቢዋ ሳትዘጋው፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ሳይጨርሱ፣ ቀድማ የጣለችው እሷ ናት።

«እኔ» አለች።

«ምን አልሽ ኮኒ?» አለቻት ቤቨርሊ በቁልምጫ ስሟ።

«እኔ እደግፋለሁ።»

ዲሎን የያዘውን ዶናት መልሶ አስቀመጠ። ሚስተር ፕሩት ወደ እሷ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ሳይሆን ድንጋጤ ነው። «ተይው ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያንቺ ጉዳይ እኮ ገና አላለቀም። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ምንም አልሆንም።»

«ሚስተር ፕሩት፣ የእርስዎ ተራ አልቋል» አለቻቸው። «ይቀመጡ።»

በዚያ አዳራሽ እንዲህ ብሏቸው የሚያውቅ ሰው የለም። ትንሽ ቆመው አዩዋትና ተቀመጡ።

«በሉ እንግዲህ፣ ውይይቱ ተከፍቷል» አለች ቤቨርሊ፤ ከዚያ ግራ ገብቷት ዙሪያዋን ቃኘች። በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ «ለቃለ ጉባኤው፣ የደጋፊው ሙሉ ስም?» ብላ የምትጠይቀው ኮንሱኤሎ ነበረች። ዛሬ የሚጠይቅ ስለጠፋ ቤቨርሊ ራሷ ጠየቀች።

«ኮንሱኤሎ ባራጋን» አለች ኮንሱኤሎ፣ እጇን በብብቷ ሸጉጣ፣ ለማታውቀው ሰው እንደምትናገር ሁሉ።

ከዚያ እጇን አወጣችና ያቺን «ወደቀ» የምትለውን መስመር ከመጨረሻዋ ፊደል ጀምራ አጠፋቻት። በቦታዋ ስሟን ስትጽፍ ከኋላ ረድፍ የእስክሪብቶ ድምፅ ሰማች። ዶክተር ሩስናክም እየጻፈ ነበር።