አንቱ

«አንኳኳ። ላንተ ይከፍታል» አለው ክላሽ ያነገተው ሰውዬ።

ገዛኸኝ የዓሪፍ በር ላይ ቆሞ እጁን ማንሣት አቃተው። ግራና ከተማ ውስጥ የዚህን ቤት ያህል የገባበት ቤት የለም፤ ከዓሪፍ ጋር አብረው ያደጉ፣ በሠርግም በለቅሶም ያልተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሦስት ታጣቂዎች ገዛኸኝ ብየዳ ቤት ድረስ መጡና፣ ዓሪፍ በእነሱ ላይ ወሬ እንደሚያቀብል፣ እነሱን ካየም እንደሚያመልጥ ነግረውት ይዘውት ወጡ። እምቢ እንዳይል ሚስትና ልጆች አሉት። እሺ እንዳይል፣ ሰሞኑን መርሳ ላይ እንዲህ ከቤቱ የተጠራ ሰው አልተመለሰም።

ታጣቂዎቹ ከአጥሩ ሥር ተለጠፉ። ገዛኸኝ አንኳኳ። ከውስጥ የዓሪፍን ሳል ሰማ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «አንተ ዓሪፎ!» እያለ በሩን ገፍቶ ነበር የሚገባው። አሁን ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አቶ ዓሪፍ፣ ቤት ነዎት?» አለ።

በዕድሜው ሙሉ አንቱ ብሎት አያውቅም። ሰውዬው ግን ይህን ከየት ይወቅ፤ እንዲደግመው በሹክሹክታ አዘዘው።

«አቶ ዓሪፍ፣ ገዛኸኝ ነኝ። እባክዎ ይክፈቱልኝ።»

ሳሉ ቀጥ አለ። ቆይቶ በሩ ተከፈተና የዓሪፍ ሚስት ሀስና ብቅ አለች። በእጇ ስታጎርሰው የኖረች፣ «ወንድምዬ» ከማለት በቀር በሌላ ስም ጠርታው የማታውቅ ሴት ናት። ዓይኖቿ ፊቱ ላይ ጥቂት ቆዩ።

«የሉም፣ አቶ ገዛኸኝ» አለችው። «በጠዋት ሐራ ወርደዋል።»

አቶ አለችው። ገብቷታል።

ታጣቂዎቹ ገፍተዋት ገቡ። አልጋ ሲገለበጥ፣ ሣጥን ሲሰበር ተሰማ። ገዛኸኝ መቃኑን ተደግፎ የማርያምን ስም ደጋግሞ ከመጥራት በቀር ምንም አልቻለም። ባዶ እጃቸውን ሲወጡ ሰውዬው ትከሻውን በሰደፍ ገጨት አድርጎት አለፈ፤ ከዚያ ሦስቱም ወደ አስፋልቱ ወረዱ።

ከዓይን ሲሰወሩ ሀስና «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ለራሷ ያህል። ገዛኸኝ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ ሳያውቅ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ከጓሮው ቁልቁል፣ ከብርቱካኑ ተክል ውስጥ ሰው ያስደነበራቸው ወፎች ግር ብለው ተነሡ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ራቅ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ሌሎች ተነሡ።