የሰዓሊው ድንኳን

ጸጉሩን አናቱ ላይ የቋጠረ ሰዓሊ ኤግዚቢሽኑ መሃል የለቅሶ ድንኳን ተከለ። ሸራና አግዳሚ ወንበር፣ በቃ። ስሙን «ባዶነት» አለው። የእኛ ሰፈር እድር እንዲህ ያለ ስንት ባዶነት መጋዘን ቆልፎበታል፤ አንድም ቀን ያጨበጨበለት የለም። ጎብኚዎቹ ግን አገጫቸውን ይዘው ዞሩት። አንዷ «ዝምታው ይናገራል» አለች። ምን እንደሚል ብትነግረን ጥሩ ነበር።

እማዬ እዚያ አዳራሽ ጽዳት ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነው። ላግዛት ሄጄ መወልወያውን አጥቤ ስመለስ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሰዉ የሥዕሉ አካል መስላው በስልኩ ይቀርጻታል። ሰዓሊው ደግሞ እሱ እንዳስለቀሳት ሁሉ ደረቱን ነፍቷል። እኔ የፈራሁት አለቃዋን ነው፤ ካያት ያባርራታል፣ ይህን ሥራ ደግሞ ስንት ደጅ ጠንታ ነው ያገኘችው።

«እማዬ፣ ተነሺ» አልኳት በጆሮዋ። «ማንም አልሞተም እኮ። የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? ሰው እየሳቀብን ነው።»

«ለእሱባለው ድንኳን አልተከልንለትም።»

እሱባለው ወንድሜ ነው። በባሕር ከሄደ ሦስት ዓመቱ። ሊያረዷት የመጡትን ሽማግሌዎች «ልጄ ይደውላል» ብላ ከደጅ የመለሰቻቸው እሷው ራሷ ናት።

ጠጋ አለችልኝ። «ነጠላሽን ዘቅዝቂና ተቀመጪ» አለችኝ።