ዝንብ የተከተለው ሰው

ኦርቫል ቲበትስ የሚስቱን ወንድም መጸየፍ የጀመረው የኤልኩ ሆድ እንደተቀደደ ነው።

ኤልኩ ከፈረስ የማይተናነስ ቀንዳም አጋዘን ነበር። የወደቀው ደግሞ ሰይጣን እንኳ በገመድ ካልሆነ የማይወርድበት ገደል ውስጥ ነው። ቦታው የሕዝብ ደን ነው፤ የአደን ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ይገባበታል፣ መኪና ግን አይገባበትም። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ውስጥ የገደሉትን ጥሎ መሄድ ወንጀልም ነው፣ ነውርም ነው። ስለዚህ ሥጋውን የሚያወጣው የሰው ጀርባ ብቻ ነበር።

የሚስቱ ወንድም ዴልመር በቦይሲ ከተማ ምንጣፍ ይሸጣል። የኤልኩ አንጀት ሽታ ሲመታው ዞር ብሎ ቁርሱን አስመለሰ። ከዚያ አፉን በክንዱ ጠረገና የሚያኝከውን ትምባሆ እንደገና ጉንጩ ውስጥ ወተፈ።

“እህትህ ጎበዝ ነው ብላኝ ነበር” አለ ኦርቫል፣ እጁን እስከ ክርኑ ደም ውስጥ ነክሮ።

“አንተንም ቆንጆ ነው ብላ ነው ያገባችህ” አለ ዴልመር።

ኦርቫል ወዶ አላመጣውም። ባለፈው የበረዶ ወራት ሐኪሞች ደረቱን ከፍተው ልቡን ከጠገኑለት ወዲህ፣ ሚስቱ ናዲን ብቻውን ጫካ አላስወጣው አለች። “ዴልመርን ይዘህ ትሄዳለህ፤ አለዚያ ጠመንጃህን ወንዝ ውስጥ ነው የምጨምረው” ብላ ቁርጡን ነገረችው።

በመጀመሪያው ቀን የኤልኩን የኋላ እግሮች አንድ አንድ ተሸከሙ። ሽቅቡ ላይ ድንጋዩ ከእግር ሥር ይሸሻል፤ የወደቀ ግንድ በየቦታው ይጋረጣል። ደሙ ሥጋው የተጠቀለለበትን ጨርቅ አልፎ ኦርቫልን ከወገቡ እስከ ካልሲው አራሰው። ግማሽ መንገድ ላይ ዓይኑ ጭልም አለበትና ግንድ ላይ ዘፍ አለ።

“ምን ሆንክ?” አለ ዴልመር።

“ጫማዬ ጠጠር ገባበት።”

ዴልመር ጫማውን አላየም። ፊቱን ትንሽ አየት አደረገና ዞር ብሎ ትምባሆውን ተፋ። ቡናማው ምራቅ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ። ኦርቫል ፊቱን አዞረ። ‘ከዚህ ጋር አንድ ገበታ ቀርቤ በላሁ!’ አለ በልቡ።

እግሮቹን መንገድ ዳር ባቆሙት መኪና ውስጥ በረዶ ላይ አጋድመው ተመለሱና ከቀረው ሥጋ አጠገብ አደሩ። ጧት ወርቹን፣ የአንገቱን ሥጋና ሽንጡን በየከረጢታቸው አሰሩ። ሽንጡን ኦርቫል ከራሱ ዘንድ አደረገው። ኤልክ ማለት ሽንጡ ነው፤ ለማንም አምኖ አይሰጠውም።

ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ሸክማቸውን አወረዱ። ኦርቫል ውሃ ጠጥቶ፣ አንገቱን ታጥቦ፣ ትንሽም ዓይኑን ከድኖ ሲመለስ፣ ዴልመር ተንበርክኮ እጁን በኦርቫል ከረጢት ውስጥ እስከ ብብቱ ከቶ አገኘው።

“ምን ትፈልጋለህ እዚያ ውስጥ?”

“ዝንብ ገብቶ እንቁላል እንዳይጥልበት እያየሁልህ ነው።”

“ዝንቡ ያለው አንተ ላይ ነው!”

“እንግዲህ ወደደኛ” አለ ዴልመር። “ና፣ ላሸክምህ።”

ኦርቫል ተነሣ፤ ሲነሣም ለራሱ ገረመው። ሐኪሞቹ ከባድ ነገር እንዳታነሣ ብለውት ነበር። የሐኪም ወሬ! ሽቅቡን እንደ ፍየል ተያያዘው። ከጥድ በታች ያደገ ሰው አንድ ቀን ቢደክመው በማግስቱ ይበረታል፣ አለ ለራሱ።

ዴልመር ከኋላ ነው። ትንፋሹ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል። ሥጋ መጠቅለል እንኳ አያውቅበትም፤ ደሙ በቂጡ ላይ ወርዶ ጫማው ውስጥ ይንቦጫረቃል። የኦርቫል ሸሚዝ ግን ደረቅ ነበር። ዝንቡም ኦርቫልን ትቶ ዴልመርን እንደ ደመና ይከተለዋል፤ አፉ ላይ፣ ዓይኑ ላይ፣ ያስመለሰው ትውከት በደረቀበት ሸሚዙ ላይ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አንዴ በፊቱ ተደፋ። እዚያው ተኝቶ አስመለሰ።

“ተነሥ እንጂ! ሥጋው በፀሐይ ሊሸት ነው!”

“መጣሁ፣ ሽማግሌው። አንተ ቅደም።”

“ስታስጠላ!” አለ ኦርቫል። እጁንም አልዘረጋለትም። ያ እጅ ከረጢቱ ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደነበር አሁን ገባው። ሽንጡ! ሌባው ቦይሲ ወስዶ ለምንጣፍ ደንበኞቹ ሊጠብስበት ነው። ቀሪውን መንገድ ሁሉ ንዴቱን እያላመጠ ወጣ።

ናዲን ከቤት ተጨማሪ በረዶ ይዛ መጥታ መኪናው ጋ ትጠብቅ ነበር። መጀመሪያ የባሏን ፊት አየች፤ ከዚያ ወንድሟን አየች። ዴልመር ከነከረጢቱ ጎማው ሥር ተዘረረ። ማሰሪያው ትከሻውን ልጦታል።

“ወንድምሽ ሌባ ነው” አለ ኦርቫል።

“ኧረ ተው፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ።”

“አልጠጣም! ሽንጤን ሰርቆኛል። የሱን ከመፈተሼ በፊት ግን የኔን እዪው፤ የወንድ ሸክም ምን እንደሚመስል እዪ!”

“አትክፈተው” አለ ዴልመር ከተኛበት። “ሽንጡ እኔ ጋ ነው። ሰርቄሃለሁ፤ በቃ።”

“ሰማሽ? ሰማሽው?”

ኦርቫል ከረጢቱን ገልብጦ የመኪናው መጫኛ ላይ ዘረገፈው፤ የዴልመር የመኝታ ብርድ ልብስና አንድ እቅፍ የጥድ ቅርንጫፍ ብቻ ወጣ።