አባቱ እንዳይራመዱ

«ተራምደዋል ወይስ አልተራመዱም? እሱን ብቻ ጠይቅልኝ» አለች ዶክተር ላምያ፣ የሽማግሌውን ቀዝቃዛ እግር በጣቶቿ እየዳበሰች።

ቲቶ ወደ አባቱ ዞረ። አቶ ባየ የምርመራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን አፍ ያያሉ። አማርኛቸው ከገበያ ሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ ሐኪሟ ደግሞ የጅማ ልጅ ናትና ሸኮኛ አትሰማም። ከሸኮ ሚዛን ሆስፒታል ድረስ በሞተር ሳይክሉ ያመጣቸው ቲቶ ነው፤ ሁለቱን የሚያነጋግረውም እሱው ነው።

«መራመዳቸው ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?» አለ መልሱን ለማዘግየት።

«ተራምደው ካልተሻላቸው ለቀዶ ጥገና ጅማ እልካቸዋለሁ። ለሳቸው ዕድሜ ደግሞ ቀላል አይደለም። ካልተራመዱ ግን ቢላ ሳይነካቸው መራመዱን ሦስት ወር እንሞክራለን።»

ከሦስት ወር በፊት ቲቶን እዚሁ ክፍል ውስጥ ቁጭ አድርጋ አስረድታዋለች። የእግራቸውን የደም ሥር ስብ ደፍኖታል። ጡንቻው ደም ሲያጥረው ሰውነት አንድ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ያ ፕሮቲን አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያደርጋል፤ ደሙም የተደፈነውን ትቶ በነሱ በኩል ይዞራል። «ስለዚህ እስኪያማቸው ይራመዱ፣ ይረፉ፣ እንደገና ይራመዱ። በየቀኑ» አለችው። ፕሮቲኑ በመርፌ አይሰጥም ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። ሳቀች። «የት እንደሚያበቅል በምን አውቄ? የደፈነው ስብ ውስጥ ከበቀለ ስቡ ይደማና ይፈነዳል። ያኔ የባሰ ነው።»

ይህን ሁሉ ሰምቶ ለአባቱ የነገራቸው «ክኒኑን ይዋጡ፣ ይረፉ» ብሎ ነው። መራመዱን ዋጠው። እንዴት ብሎ ይንገራቸው! በሸኮ ዋና መንገድ ላይ፣ ባለሞተሩ የቲቶ አባት እያነከሱ ሲያዘግሙ ቢታዩ ሰው ምን ይላል? ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በሞተር፣ ገበያ በሞተር፣ ከደጃቸው የምትታየው የእህታቸው ቤት እንኳ በሞተር አደረሳቸው። ያየው ሁሉ መረቀው። ምርቃቱም ደስ ይለው ነበር፣ ምን ይዋሻል።

አሁን «ተራምደዋል» ቢል አባቱ ያለጥፋታቸው ቢላ ሥር ሊገቡ ነው። «አልተራመዱም» ቢል ደግሞ ለምን ትለዋለች።

«አባባ» አለ በሸኮኛ፣ «ያን ጊዜ በየቀኑ ይራመዱ ብላ ነበር። እኔ ነኝ ያልነገርኩዎት።»

«ለምን?»

«አፈርኩ። አባቱን በእግር ያስኬዳል እንዳልባል ብዬ።»

አቶ ባየ እግራቸውን አዩት። ቲቶ ቁጣቸውን ጠበቀ፤ ቢሰድቡት፣ ቢረግሙት እንኳ በወደደ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሳያነሱ «ሽማግሌው እምቢ አለ በላት» አሉ።

«አባባ፣ እንዴት እንዲህ...»

«ንገራት። ልጅቷን አታስጠብቃት።»

ቲቶን እውነቱን እንዳይናገር የሚከለክለው አልነበረም። አንደበቱም አልተያዘም። ደግሞም ይህችን ሴት ከዚህ በፊት ያያት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ብትንቀው ምን ይሆናል?

«አልተራመዱም» አለ በአማርኛ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እምቢ ብለው ነው» አለ።

ላምያ የጅማውን ወረቀት ወደ ጎን ገፋችው። እንደተገላገለች ያስታውቃል፤ ቢሆንም ተናዳለች። «አባባ! ልጅዎ ሥራውን ጥሎ እያመላለሰዎት፣ ደጅዎ ላይ ትንሽ መራመድ አቃተዎት? እንዲህ ያለ ልጅ ማን አለው? ስንቱ አባቱን እዚህ ጥሎ ይሄዳል መሰለዎት! ለሱ ድካም እንኳ አያዝኑም?» ወደ ቲቶ ዞረች። «ንገራቸው እንጂ። አንዲት ቃል እንዳታስቀር።»

ቲቶ አንዲት ቃል ሳያስቀር ተረጎመ። ድካሙን፣ ደግነቱን፣ እንደሱ ያለ ልጅ ማን አለው መባሉን በገዛ አፉ ለአባቱ ነገራቸው። ፊቱ በእፍረት ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ምንኛ በወደደ።

አቶ ባየ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ከዚያ እንዲተረጉምላቸው ሳይጠብቁ ቀና አሉና ሐኪሟን አዩዋት። ያቺን ጥቂት አማርኛቸውን ለቃቅመው ራሳቸው መለሱላት።

«ይቅርታ፣ ዶክተር» አሉ። «ጥፋት የኔ።»